«እርስዎ ያውቃሉ»፦ ገና ስላልተወለደ ልጅ የጂን ሕክምናና ስለ እናት ፈቃድ

በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችና የጤና ባለሙያዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ንግግሬን ከራሴ ስህተት እጀምራለሁ። አገር ቤት አዋላጅ ነርስ ነበርኩ፤ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ በሆስፒታል አስተርጓሚነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ቀን ስድስተኛ ወሯ ላይ ያለች የአገራችን ልጅ ከባለቤቷ ጋር ሐኪሙ ፊት ተቀምጣለች። የመጀመሪያ ልጇን በዘር በሚተላለፍ በሽታ ቀብራለች። አሁን በማሕፀኗ ያለውም ያው በሽታ እንዳለበት ከሽርት ውሃው በተወሰደ ናሙና ታውቋል። ሐኪሙ ከፈለገች ልትገባበት ስለምትችለው አንድ ጥናት ያስረዳታል። ያለው ቃል በአማርኛ ሲመለስ «ሙከራ» ነው። እኔ ግን ፊቷን አየሁና ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ። «አዲስ ሕክምና አለ እያሉሽ ነው» አልኳት።

ፊቷ በራ። ባሏን አየችው፤ እሱ መሬት መሬቱን ያያል። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞራ «እርስዎ ያውቃሉ ዶክተር፤ ያሉኝን አደርጋለሁ» አለች። ይህን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መለስኩ። ሐኪሙ ራሱን ነቅንቆ ጻፈ። ተስማምታለች ማለት ነው።

እዚያ ክፍል ውስጥ ሊያታልል ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር፤ እኔም የራራሁላት መስሎኝ ነው። ነገር ግን እሱ ያቀረበላትና እሷ የተቀበለችው ሁለት የተለያየ ነገር ሆነ፤ በመካከሉ የቆምኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ወደዚች ሴት ኋላ እመለሳለሁ።

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት በማሕፀን ላለ ልጅ ስለሚታሰበው የጂን ሕክምናና ሐኪምና ታካሚ በዚህ መካከል ስለሚኖራቸው ግንኙነት ነው። ርዕሱ የሩቅ ነገር ይመስላል። ለእኔ ግን ከዚያች ክፍል ወጥቶ አያውቅም። ይዤላችሁ የመጣሁት ሐሳብ አንድ ነው፦ እምቢ ብትል ሐኪሟ ፊቱን የሚያዞርባት የመሰላት እናት እሺ ብትል፣ ያ እሺታ ፈቃድ አይባልም። ይህ ለማንኛውም ሕክምና እውነት ነው። በማሕፀን ውስጥ ጂን ለመለወጥ ሲታሰብ ግን ከሁሉም በላይ ይከብዳል።

ጽንስን በማሕፀን ውስጥ ማከም እንዴት እንደተጀመረ ልንገራችሁ፤ መነሻው እኛም የምናውቀው ነገር ነውና። አገር ቤት ሾተላይ አለባት የምትባል ሴት ያላየ በመካከላችን የለም። የመጀመሪያው ልጅ በሰላም ይወለዳል፣ የሚከተሉት ይሞቱባታል። ክታብ ታስራለች፣ ፀበል ትጠመቃለች፣ ትሳላለች። ከብዙ ሐዘን በኋላ የሚተርፈው ልጅ ምትኩ ወይም ካሳ ወይም ማስረሻ ይባላል። እነዚህን ስሞች የተሸከሙ ሰዎች ዛሬም እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳሉ እርግጠኛ ነኝ። የዚህ ሐዘን አንዱ ምክንያት የእናትና የጽንስ የደም ዓይነት አለመጣጣም ነው፤ የእናትየዋ ሰውነት የጽንሱን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃዋል። በ1963፣ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፣ ኒውዚላንድ ውስጥ ዊልያም ሊሊ የሚባል ሐኪም በእናትየዋ ሆድ በኩል መርፌ አሳልፎ ገና ላልተወለደው ልጅ ደም ሰጠው። ልጁ ተረፈ። ዛሬ ይህ ችግር ለእናትየዋ በሚሰጥ መርፌ አስቀድሞ ይከላከሉታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጽንስ እንደ አንድ ታካሚ መታየት ጀመረ። በማሕፀን የመጀመሪያው መድኃኒት የተሰጠው ለሾተላይ ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ጂን ልግባ። ጂን ማለት ከእናትና ከአባት የምንወርሰው፣ ሰውነት ምን መሥራት እንዳለበት የሚያዝ መመሪያ ነው። በአንድ ጂን ላይ ባለ ስህተት የተነሣ ሰውነት አንድ አስፈላጊ ነገር መሥራት ያቅተዋል። የጂን ሕክምና የሚባለው ትክክለኛውን ጂን ወደ ሕዋሳት ማድረስ ወይም የተበላሸውን እዚያው ባለበት ማረም ነው። ለማድረስ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት በሽታ የማምጣት ኃይሉ የተወሰደበትን ቫይረስ ነው። ቫይረሱ አጋሰስ ነው፤ ጂኑ ጭነቱ ነው። አጋሰሱ የሚሄድበትን መንገድና ጭነቱን የሚያራግፍበትን ቦታ ሙሉ በሙሉ ማዘዝ ግን አይቻልም። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ።

ከተወለዱ በኋላ የሚሰጥ የጂን ሕክምና ዛሬ አለ። ጡንቻን የሚያልፈሰፍሰውን ስፓይናል መስኩላር አትሮፊ የሚባል በሽታ ለማከም በ2019 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ዞልጀንስማ ለአንድ ሕፃን ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር ዋጋው። በ2025 ደግሞ ፊላዴልፊያ ውስጥ ጉበቱ ላይ ከባድ የጂን ችግር ይዞ ለተወለደ አንድ ሕፃን ብቻ ተብሎ የተሠራ የጂን ማረሚያ መሰጠቱ ተነገረ።

ታዲያ ለምን ከመወለዱ በፊት? መልሱን በከብት ልንገራችሁ። በ1945 ሬይ ኦወን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ መንታ ጥጆችን መረመረ። መንትዮቹ አንድ ዓይነት አልነበሩም፤ እንዲያውም አባታቸው የተለያየ ነበር። ሆኖም እያንዳንዳቸው የራሳቸውንም የመንታቸውንም ደም ይዘው ተገኙ። በላሟ ማሕፀን ሳሉ የእንግዴ ልጃቸው ደም ሥር ተገናኝቶ ደማቸው ተቀላቅሏል፤ ካደጉም በኋላ ሰውነታቸው የሌላውን ደም አላባረረውም። በ1953 እንግሊዛዊው ፒተር ሜዳዋርና ባልደረቦቹ ይህንኑ በአይጥ ጽንስ ላይ ሆን ብለው ሠርተው አሳዩ። ገና በማሕፀን ሳለ የተዋወቀውን እንግዳ ነገር ሰውነት እንደ ቤተሰብ ይቆጥረዋል። ያደግሁት ከከብት ጋር ነውና ይህን ታሪክ ሳነብ መንታ የወለደችው የቤታችን ላም ነበረች ፊቴ የመጣችው።

ሌላውም ምክንያት ግልጽ ነው። ጽንስ ትንሽ ስለሆነ የሚያስፈልገው መድኃኒት ጥቂት ነው። አንዳንዱ በሽታ ደግሞ ልደትን አይጠብቅም። ስፓይናል መስኩላር አትሮፊ በከባድ ዓይነቱ ከመወለድ በፊት ነርቮችን ማጥፋት ይጀምራል፤ የጠፋ ነርቭ ተመልሶ አይበቅልም።

በአይጥ፣ በበግና በዝንጀሮ ጽንሶች ላይ ጂን የማስገባት ሥራ ለዓመታት ተሠርቷል። በሰው ላይ ብዙ የተጠጋነው በጎረቤቱ በር በኩል ነው፤ ጂኑን ሳይነኩ የጎደለውን በመተካት። በ2021 ካናዳ ውስጥ ኦታዋ ላይ የተወለደች ልጅ አለች። ወላጆቿ ከእሷ በፊት ሁለት ሴት ልጆች ፖምፔ በሚባል የልብና የጡንቻ በሽታ ሞተውባቸዋል። ለዚች ግን ከ24ኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ስድስት ጊዜ የጎደላት ኤንዛይም በእትብቷ ደም ሥር ተሰጣት። ልቧ ጤናማ ሆኖ ተወለደች፤ በዓመቷ ትራመድ ነበር። ከተወለደችም ወዲህ መድኃኒቱን ትወስዳለች። በ2025 ደግሞ አንዲት እናት በእርግዝናዋ የመጨረሻ 6 ሳምንታት ሪስዲፕላም የሚባለውን መድኃኒት በአፏ ወስዳ የወለደቻት ልጅ እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ድረስ የስፓይናል መስኩላር አትሮፊ ምልክት እንዳልታየባት ሐኪሞቿ ጻፉ። ከዚህ በፊት ልጅ ቀብራ የነበረች እናት ናት።

እነዚህን ስሰማ አልቅሻለሁ። ስለ አደጋው የምናገረውን ተስፋ ከመጥላት እንዳትቆጥሩብኝ ይህን አስቀድሜ ነገርኳችሁ።

አሁን አጋሰሱን እናስታውስ። ፓሪስ ውስጥ በኔኬር ሆስፒታል በ1999 የተጀመረ ሥራ ነበር፤ በሽታ የመከላከል አቅም ሳይኖራቸው ለተወለዱ ሕፃናት ጂን ተሰጣቸው፤ ብዙዎቹ ዳኑ። ዓለም እልል አለ። ከዓመታት በኋላ ግን ከተታከሙት አንዳንዶቹ የደም ካንሰር ያዛቸው። ጭነቱ መራገፍ በማይገባው ቦታ፣ የሕዋስ መባዛትን ከሚያዝ ጂን አጠገብ ተራግፎ ነበር። የጠጡትን ክኒን ማቆም ይቻላል። የገባን ጂን ግን መልሶ ማውጣት አይቻልም።

በማሕፀን ሲሆን ደግሞ መርፌው የሚነካው አንድ ሰው አይደለም። የተላከው ነገር በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ እናትየዋ ሊያልፍ ይችላል። ጽንሱ ሴት ከሆነች ሌላም አለ፤ ሴት ልጅ የዕድሜዋን እንቁላል በሙሉ የምትሠራው በእናቷ ማሕፀን ሳለች ነው። ጂኑ እነዚያን እንቁላሎች ከነካ የሚሻገረው ወደ ልጅ ልጅ ነው። በአንድ መርፌ አያት፣ እናትና የልጅ ልጅ። ሊሆን ይችላል ነው እንጂ ይሆናል አላልኩም፤ ግን ለእናትየዋ መነገር አለበት።

ጊዜም የራሱ ምሥጢር አለው። ዲኢኤስ የሚባል መድኃኒት ከ1940ዎቹ ጀምሮ ፅንስ እንዳይወርድ እየተባለ ለነፍሰ ጡሮች ይሰጥ ነበር። እናቶቹ በሰላም ወለዱ። በ1971 ቦስተን ያሉ ሐኪሞች በወጣት ልጃገረዶች ላይ የታየ ብርቅ የሆነ የማሕፀን በር አካባቢ ካንሰር ከዚህ መድኃኒት ጋር እንደተያያዘ አረጋገጡ። ልጆቹ መድኃኒቱን ያገኙት በማሕፀን ነው፤ ዋጋውን የከፈሉት ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ ነው። ስለዚህ በማሕፀን ጂን የተቀበለ ልጅ ለአሥርት ዓመታት ክትትል ያስፈልገዋል። ይህን ማን ይፈርምለታል? ልጁ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው በራሱ አንደበት እንደገና ሊጠየቅ፣ ይብቃኝ ካለም ሊሰማ ይገባል ባይ ነኝ።

ከዚህ ከተቀመጥንበት ሩቅ ባልሆነችው ቤተስዳ ውስጥ ብሔራዊ የጤና ተቋም አለ። በዘር የሚተላለፍ በሽታን ለማከም ጂን የተሰጣት የመጀመሪያዋ ልጅ በ1990 የታከመችው እዚያ ነው። ከዚያ ሥራ መሪዎች አንዱ የነበሩት ፍሬንች አንደርሰን በ1998 ለተቋሙ አማካሪ ኮሚቴ አዲስ ሐሳብ አቀረቡ፤ በማሕፀን ላሉ ልጆች ጂን እንስጥ የሚል። ለአንድ የበሽታ መከላከል እጥረትና ለአንድ ጽንስን ለሚገድል የደም በሽታ ነበር ያሰቡት። በ1999 ኮሚቴው ተወያይቶ ጊዜው ገና ነው አለ። ሐሳቡን በአደባባይ ማቅረባቸውን አከብራለሁ፤ ኮሚቴው መከልከሉንም አከብራለሁ። በውይይቱ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሣኛል። ሕክምናው ግማሽ ቢሠራስ? በማሕፀን ይሞት የነበረ ልጅ ለመኖር ያህል ብቻ ድኖ በሥቃይ ቢወለድስ? አዋላጅ ሳለሁ በአንድ ሌሊት የሚያልቅ ሐዘንም፣ ዓመታት የሚቆይ ሐዘንም አይቻለሁ። የትኛው እንደሚከብድ መናገር ያለባት የምትሸከመው ሴት ናት፤ ለመናገር ግን ግማሽ መዳን የሚባል ነገር እንዳለ ሊነገራት ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚነገራት ግን መዳንና መሞት ብቻ ነው።

የቤተስዳ ከተማ ስም የመጣው እዚያ ከነበረ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ስም ደግሞ ከኢየሩሳሌሟ መጠመቂያ፣ እኛ ቤተ ሳይዳ ከምንላት። መጻጉዕ 38 ዓመት ታሞ የተኛባት ቦታ ናት። በዐቢይ ጾም ይህ ሲነበብ የሚገርመኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ ጌታ 38 ዓመት የተኛን ሰው እንኳ መዳን ይፈልግ እንደሆነ ሳይጠይቀው አላዳነውም። መልሱ የታወቀ ይመስላል፤ ቢሆንም ጠየቀው።

በዚያው በ1999፣ በመስከረም ወር አጋማሽ፣ ጄሲ ጌልሲንገር የሚባል የ18 ዓመት ወጣት በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የጂን ሕክምና ጥናት ውስጥ ሳለ ሞተ። የጉበት በሽታው በምግብና በመድኃኒት ተይዞ ነበር፤ የገባው በበሽታው የሚሞቱ ሕፃናትን ለመርዳት ነው። ቫይረሱ በተሰጠው በአራተኛው ቀን አረፈ። ኋላ ሲመረመር፣ በእንስሳት ላይ የደረሰው ሞት በፈረመው ቅጽ ላይ እንዳልተጻፈ፣ የጥናቱ መሪ ደግሞ በሥራው ተጠቃሚ በሆነ ኩባንያ ውስጥ ድርሻ እንደነበራቸው ታወቀ።

ይህ ታሪክ ሌላ ክፍል አለው፤ ብዙም አይነገርም። ጥናቱ መጀመሪያ የታሰበው ለታመሙ ሕፃናት ነበር። የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር አማካሪ ግን ልጃቸው እየሞተባቸው ያሉ ወላጆች በነፃነት ሊፈቅዱ አይችሉም፣ ሕመሙ ራሱ ያስገድዳቸዋል፣ ስለዚህ ደህና በሆኑ አዋቂዎች ይጀመር ብለው መከሩ። ይህን ምክር ለረጅም ጊዜ ትክክል ነው ብዬ ይዤው ነበር። አሁን አልስማማም። ሐዘን አእምሮ አይነሣም። ሁለት ልጅ የቀበረች እናት በሽታውን ከማናችንም በላይ ታውቀዋለች፤ ስለ እሷ ሌላው ይወስን ማለት ሌላ ግፍ ነው። የሐዘንተኛን ፈቃድ የሚያበላሸው ሐዘኑ ሳይሆን፣ ሐዘኑን ያየ ሰው እውነቱን ሲያለሰልስላት ነው። ይኸውም እኔ ያደረግሁት ነው።

ቃል ምን ያህል እንደሚያሳስት ሌላ ምሳሌ ልስጥ። በ2018 ሄ ጂያንኩይ የሚባል ቻይናዊ ተመራማሪ በላብራቶሪ ውስጥ በተጸነሱ ሽሎች ላይ ጂን ለውጦ መንታ ሴቶች እንደተወለዱ አስታወቀ፤ በ2019 መጨረሻ ሦስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ያ ከዛሬው ርዕስ የተለየ ነው፤ እዚያ ለውጡ የተደረገው ከመጀመሪያው ሕዋስ ላይ ሆኖ ለዘር እንዲተላለፍ ነው፤ እኛ የምናወራው በማሕፀን ስላለ የታመመ ልጅ ነው። ግን ጥንዶቹ የፈረሙት ቅጽ ርዕሱ ምን ይል ነበር? የኤድስ ክትባት ልማት ፕሮጀክት። ክትባት! ማን እናት ናት ክትባት እምቢ የምትለው?

አሁን ወደ ሁለቱ ነፍሶች ልምጣ። ቋንቋችን እርጉዝ ሴትን ነፍሰ ጡር ይላታል፤ በግዕዝ ጾረ ማለት ተሸከመ ማለት ነውና ነፍስ የተሸከመች ማለት ነው። ስሙ ያምራል፤ አደጋም አለው። ተሸካሚዋ የምትረሳበት ጊዜ አለ። በ1987 እዚሁ ዋሽንግተን ውስጥ በካንሰር የታመመች የ26 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ በሕግ መዝገብ የምትታወቀው ኤ.ሲ. ተብላ ነው። ሆስፒታሉ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ዳኛው ሆዷ ተከፍቶ ልጁ እንዲወጣ አዘዙ። ሕፃኗ የኖረችው ሁለት ሰዓት ያህል ነው። እናትየዋ በሁለተኛው ቀን አረፈች። በ1990 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ትእዛዙ ስህተት ነበር፣ የሴቲቱ ውሳኔ መከበር ነበረበት አለ። ውሳኔው ሲሰጥ እሷ ከሞተች ሦስት ዓመት ያህል ሆኗታል።

ጽንስን እንደ ታካሚ ማየት ማለት እናትን እንደ ዕቃ ማየት ከሆነ ሊሊ በ1963 የከፈተው በር መልሶ ይዘጋ እላለሁ። ግን እንደዚያ መሆን የለበትም። ጽንስ ሐኪም ፊት የሚቀርበው እናቱ ስታቀርበው ነው፤ በእሷ ሰውነት በኩል ካልሆነ ወደ እሱ መንገድ የለም። በ2011 የታተመውን የጀርባ አጥንት ክፍተት ጥናት ተመልከቱ። ስፓይና ባይፊዳ የሚባለውን ከመወለድ በፊት በቀዶ ሕክምና ሲዘጉት፣ ከጭንቅላት ውሃ የሚያፈስ ቱቦ ያስፈለጋቸው ሕፃናት ከ82 በመቶ ወደ 40 በመቶ ወረዱ። ትልቅ ነገር ነው። ምንም ሕመም የሌለባት እናት ግን ማሕፀኗ ተቀደደ፤ ያለ ጊዜዋ የመውለድ አደጋ ጨመረባት፤ ከዚያ በኋላ የምትወልደው ሁሉ በቀዶ ሕክምና ነው። (እግረ መንገዴን፦ አገራችን ይህ ጉዳት ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ከእርግዝና በፊት የሚወሰድ ፎሊክ አሲድ ደግሞ ብዙውን ይከላከላል። ለልጆቻችሁና ለእህቶቻችሁ ንገሩ።)

ስለ እኛ ልናገር። ሐኪም የሚለው ቃል ጠቢብ ማለት ነው። ለጠቢብ ሰው «እርስዎ ያውቃሉ» ማለት በእኛ ዘንድ አክብሮት ነው፤ ብዙ ጊዜም ሌላ ትርጉም የለውም። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ሐኪም ግን ውሳኔ ሰማሁ ብሎ ይጽፈዋል። በእንግሊዝኛ አንተም አንቺም እርስዎም አንድ ቃል ነው። ሐኪሙ ያን ቃል ሲል «አንቺ» ብዬ ከተረጎምኩት ትእዛዝ ይመስላል፤ «እርስዎ» ብዬ ከተረጎምኩት ጥያቄ ይሆናል። በዚህች በአንዲት ቃል ላይ የሴቲቱ መልስ ሲለወጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ ቤተሰቡ አለ። ሰባት ቤት ቆጥረን የተጋባን ነን፣ ይህ በሽታ ከየት መጣ የሚል ባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ሰባት ቤት መቁጠር ጥሩ ልማድ ነው፤ ግን ምንም ዝምድና የሌላቸው ሁለት ጤነኛ ሰዎችም የአንድን በሽታ ጂን ተሸክመው ሊገናኙ ይችላሉ። ያኔ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ልጅ የመታመም ዕድል አለው። የማንም ወገን ጥፋት አይደለም። ይህ ሳይነገር ሲቀር ጥፋቱ በሴቲቱ ወገን ይጣላል፤ ካሳ የምትከፍል የመሰላት ሴት ደግሞ ለቀረበላት ሙከራ ሁሉ እሺ ትላለች። በልጅዋ ወይም በአማቷ አስተርጓሚነት የምትጠየቅ እናትም ነፃ አይደለችም። እባካችሁ፣ ሆስፒታል ስትሄዱ የራሱን አስተርጓሚ እንዲያመጣ ጠይቁ።

አገር ቤት ላሉ ባልደረቦቼም አንድ ነገር አለኝ። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 551 ጽንሱ ሊድን የማይችል ከባድ ጉድለት ካለበት እርግዝና ማቋረጥ ይፈቀዳል። ነገ አንድ ሰው ውጭ አገር ሙከራ አለ ስላለ ብቻ «ሊድን ይችላል» ተብሎ ይህ በር እንዳይዘጋባት እፈራለሁ። ሙከራ መድኃኒት አይደለም። መድኃኒት የሚሆንበት ቀን ሊመጣ ይችላል፤ እስከዚያ ድረስ ሁለቱን ለይቶ መጥራት ግዴታችን ነው።

ከሐኪሞች የምጠይቀው ከባድ አይደለም። ጥናቱን የሚመራው ሐኪምና ሴቲቱን እስክትወልድ የሚከታተላት ሐኪም አንድ ሰው አይሁኑ፤ ለሁለት ጌታ መገዛት ለደግ ሰውም ይከብዳል። ስለ ጥናቱ አንድ ቃል ከመናገራችሁ በፊት «እምቢ ብትይም ሐኪምሽ ነኝ» በሏት። ስትጨርሱ «ገባሽ?» አትበሏት፤ ገባኝ ነው የምትለው። «ለእናትሽ ስልክ ደውለሽ ብታስረጃት ምን ትያታለሽ?» በሏትና ዝም ብላችሁ አድምጡ። ከዚያ የምታስብበት ቀን ስጧት።

ወደዚያች ሴት ልመለስ። ማታ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አጣሁ። በነጋታው ለአስተርጓሚዎች ኃላፊ፣ ከዚያም ለሐኪሙ ምን እንዳልኩ ነገርኩ። ሥራዬን የማጣ መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ ዝም ብሎ ቆየና እንደገና እንጥራት አለ።

በሁለተኛው ቀጠሮ «ሙከራ» አልኩ። ቃሉን ስትሰማ ፊቷ እንደፈራሁት ወደቀ። ሐኪሙ ሥራው ሊረዳም ላይረዳም እንደሚችል፣ ለእሷ ሰውነት ምን አደጋ እንዳለው፣ ልጁ ግማሽ ብቻ ሊሻለው እንደሚችል ነገራት። አንድ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ ጥያቄ ካላት ጠየቃት።

ወደ እሱ አልዞረችም፤ ወደ እኔ ነው የዞረችው። «እትዬ፣ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። እምቢ ብል ክትትሌን ያቋርጡብኛል ወይ? የምወልደውስ እዚህ ነው ወይ?»

ተረጎምኩለት። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ባለፈው ጊዜ «እርስዎ ያውቃሉ» ስትለው ውስጧ የነበረው ይህ ጥያቄ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው፤ ለእኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ወንበሩን ስቦ ቀረብ አለና እሺ ብትልም እምቢ ብትልም እሱ ሐኪሟ እንደሆነ፣ የምትወልደውም እዚያው እንደሆነ ነገራት። ሁለት ጊዜ እንድደግምላት ጠየቀችኝ፤ ደገምኩላት።

«እንግዲያው ሐሙስ እነግራችኋለሁ» አለች።

ሐሙስ ባሏን ውጭ አስቀምጣ ብቻዋን ገባች፤ መልሷንም ቆማ ተናገረች። ምን እንዳለች ለእናንተ አልነግርም፤ የእሷ ነው።